ደንበኛው «ጥሩ ነው» ሲል

አንዲት ወጣት ታብሌት ይዛ ባንክ ውስጥ ወረፋ የያዘውን ሰው ትጠይቃለች፤ «አባባ፣ አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጡታል?» ሰውየው አርባ ደቂቃ ቆሟል። «ሲስተም የለም» ተብሎ ነው የቆመው። ልጅቷን ቀና ብሎ ያያታል። የልጁ እኩያ ናት፤ አለቃዋ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ያያል። «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አምስት አድርጊው ልጄ» ይላታል። ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ ለጓደኛው የድምፅ መልእክት ይልካል። እዚያ ላይ የሚናገረው ነገር ከአምስት ቁጥር ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም።

አምስቱ ወደ ሪፖርት ይገባል። ሪፖርቱ ወደ ቦርድ ይሄዳል። የድምፅ መልእክቱን የሰማው ግን አንድ ጓደኛ ብቻ ነው።

በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ድሮ ለንጉሥ እውነቱን የሚናገር ይጠፋ ነበር፤ አሁን ነገሩ ተገልብጦ እውነቱን ደፍሮ የማይናገረው ራሱ «ንጉሡ» ሆኗል። ሰውየው ዋሸ ለማለት ግን ይከብዳል። የልጅቷን እንጀራ አስቧል። ሰው ፊት ክፉ መናገር ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ከዚያም በላይ፣ ወረቀት ይዞ መጥቶ ስም፣ ዕድሜና ሥራ የሚጠይቅ ሰው በብዙዎቻችን ትዝታ ውስጥ ሊያገለግል የመጣ ሰው አይደለም፤ ከቀበሌ ወይም ከግብር ቢሮ የመጣ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሰጠው መልስ ከጥንት የታወቀ ነው፤ «ሁሉም ደህና ነው»።

ይህ ጉዳይ አሁን ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ጀመረ። ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ፤ ኤም-ፔሳም ተከተለ። ለዘመናት አንድ ብቻ በነበረበት ገበያ ደንበኛው «እምቢ» የሚልበት ሌላ በር አገኘ። ምርጫ ያገኘ ሰው ደግሞ አቤቱታ ለማስገባት አይደክምም፤ ዝም ብሎ ሲም ይቀይራል፣ ዝም ብሎ ሌላ ባንክ ይሄዳል። «አምስት» ብሎ የሄደውን ሰው ኩባንያው ለምን እንደሄደ እንኳ ሳያውቅ ያጣዋል።

ለዚህ ነው በኢንተርኔት የሚደረግ ዓይነታዊ ጥናት የሚባለው ሥራ ቁም ነገር የሚሆነው። ስሙ ከበድ ይላል፤ ሥራው ግን ቀላል ነው። ሰዎች ስለ አንድ አገልግሎት በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው ጊዜና በራሳቸው ስልክ እንዲናገሩ ማድረግ ነው። ቴሌግራም ላይ «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብሎ ድምፅ ማሰጠት ግን ይህ ሥራ አይደለም፤ እሱ ያው ታብሌቱ ነው፣ ቦታውን ብቻ ቀይሯል። እዚህ የሚፈለገው ታሪክ ነው። ጥቂት ሰዎች ለሳምንት ያህል በጽሑፍ ወይም በድምፅ ከጠያቂው ጋር ይነጋገራሉ። አንዳንዴ የሚጠቀሙበትን ነገር ፎቶ እያነሱ ይልካሉ። አንዳንዴም አጥኚው ማንንም ሳይጠይቅ ሰዎች እርስ በርስ በአደባባይ የሚያወሩትን ያነባል።

የመጨረሻውን ዘዴ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቅርጽ የሰጠው ሮበርት ኮዚኔትስ የሚባል የገበያ ምሁር ነው። የስታር ትሬክ ፊልም አፍቃሪዎችን እያጠና ሳለ ሰዎቹ በኢንተርኔት የሚያወሩትን እንደ አንድ መንደር ወግ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ዘዴው ገንዘብ ያመጣበት የታወቀ ምሳሌ ደግሞ የኒቪያ ባለቤት የሆነው የጀርመኑ ባየርስዶርፍ ነው። የላብ ጠረን መከላከያ አምራቾች ለዓመታት «ይህን ያህል ሰዓት ይቆያል» እያሉ ይፎካከሩ ነበር። አጥኚዎች ሰዎች በኢንተርኔት የሚያወሩትን ሲያነቡ ብዙ ወሬ ያገኙት ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ልብስ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ ብብቱ ላይ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁር ቀሚስ ላይ ነጭ ምልክት ይቀራል። ሰዎቹ እድፉን በምን እንደሚያስለቅቁ እርስ በርስ ይመካከሩ ነበር። ኩባንያው በ2011 እ.ኤ.አ. ለጥቁርና ለነጭ ልብስ የሚሆን ምርት አወጣ፤ ተሳካለትም። እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ አስቁሞ «ከጠረን መከላከያ ምን ትፈልጋለህ?» ቢላቸው «ጥሩ ሽታ» ይሉት ነበር። ልብስ የሚለው ቃል በጥያቄው ውስጥ የለማ!

በአማርኛ የሚወራውን ማንበብ ግን የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ኩባንያ ገጽ ሥር «ኧረ በጣም እናመሰግናለን፣ ዛሬም በጨለማ እያስጠናችሁን ነው» የሚል አስተያየት ቢጻፍ፣ ቃል የሚቆጥር ሶፍትዌር «ምስጋና» ብሎ ይመዘግበዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ስድብን በምርቃት መጠቅለል ቀላል ነው። ግማሹ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ አንዱን ቃል አምስት ሰው አምስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ሶማልኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀላቀላል። ትልቁ ቁጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ አይመጣም፤ በድምፅ ነው። ስለዚህ ሥራው ጆሮ ያለው ሰው ይፈልጋል። (ሰሞኑን ውጭ አገር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ «ደንበኛ» እየተሸጠ ነው፤ ሰው መጠየቅ ቀርቶ ማሽኑ እንደ ሰው ይመልሳል። የአማርኛ ጽሑፍ በብዛት ያላነበበ ማሽን የመርካቶን ነጋዴ ሆኖ ሲመልስ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ይሉኝታውን ግን በደንብ ሳይማር አይቀርም፤ ማሽኖቹ መስማማት ይወዳሉ።)

አንድ ትንሽ ምሳሌ። የሞባይል ገንዘብ ሠሪዎች ስለ ፍጥነት ብዙ ያወራሉ። አንድ ባለሱቅ ሂሳብ ሲቀበል የሚሆነውን ግን ልብ በሉ። ገዢው «ላክሁልህ» ብሎ ስልኩን ያዞርለታል። ባለሱቁ «ገብቷል?» ይላል፤ የራሱን ስልክ ያያል፤ መልእክቱ አልመጣም። «ስክሪንሹት ላክልኝ» ይላል። ስክሪንሹት ግን በሐሰት እንደሚሠራ ሰምቷል። ዕቃው ባንኮኒው ላይ ነው፣ ከኋላ ሌላ ደንበኛ ቆሟል፣ ሁለቱም በይሉኝታ ይተያያሉ። ይህን ሰው «አገልግሎቱ ፈጣን ነው?» ብለው ቢጠይቁት «አዎ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የቸገረው ማረጋገጫ ማጣት ነው። ብሩ በሰከንድ ቢሄድም እምነቱ አብሮ አልሄደም። ይህን ለማወቅ ሚሊዮን መልስ አያስፈልግም፤ ሦስት ባለሱቆች የአንድ ቀን ውሏቸውን በድምፅ ቢናገሩ ይበቃል።

የዚህ ዘዴ ዋጋ ከሁሉም በላይ የሚታየው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት በሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ዘንድ። እነዚህ ሴቶች የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ናቸው። ባንኮች ይፈልጓቸዋል፤ ማስታወቂያው ሁሉ «በሕጋዊ መንገድ ላኩ» ይላል። ብዙዎቹ ግን በሕጋዊው መንገድ አይልኩም። ለምን?

ዝግጁው መልስ ምንዛሪ ነው። እውነትም ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። መጠይቅ ቢላክላቸው «የምንዛሪ ዋጋ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ነገሩ ያልቃል። አሁን ልዩነቱ እንደዚያን ጊዜው እጥፍ አይደለም፤ ሁሉም ግን ወደ ባንክ አልመጡም። ሳጥኑ ውስጥ ያልገባ ነገር ነበር ማለት ነው።

እነዚህን ሴቶች ፊት ለፊት ማነጋገር የሚታሰብ አይደለም። ካፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ነው፤ ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ ከቤት አይወጡም። ስልክ የሚይዙት ሌሊት፣ ሥራ ሲያልቅ ነው። ኢሞና ዋትሳፕ የተሠሩት ለእነሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እናት፣ ልጅ፣ እጮኛ፣ ዕቁብ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ጠያቂዋም መግባት ያለባት በዚያው በር ነው። ጥያቄዋን በድምፅ ትልካለች፤ «እህቴ፣ ባለፈው ወር ብር የላክሽ ቀን እንዴት እንደነበር ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ትላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። መልሱ ዛሬ ላይመጣ ይችላል። ሲመጣ በሹክሹክታ ነው፤ ከጀርባው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሰማል፣ መሐል ላይ ይቋረጥና «መጣሁ፣ ጠሩኝ» ይላል።

«ለምን በባንክ አትልኪም?» ብላ አለመጠየቋ ሆን ተብሎ ነው። «ለምን» የሚለው ቃል በአማርኛ ጆሮ ክስ ነው፤ የተጠየቀ ሰው መከላከያ ያቀርባል። «እንዴት ነበር» ሲባል ግን ወግ ይመጣል። በወጉ ውስጥ ደግሞ ማንም ያልጠየቀው ነገር አብሮ ይወጣል።

መላኪያ ቢሮው የመኖሪያ ካርድ ወይም ፓስፖርት ይጠይቃል፤ እሱ በማዳም እጅ ነው። ቢሮው ሲከፈት እሷ ሥራ ላይ ናት፤ እሷ ነፃ ስትሆን ቢሮው ተዘግቷል። ደላላው ግን በር ድረስ ይመጣል፣ ወይም የሚያምኗት አንዲት ልጅ ሰብስባ ትሰጠዋለች። ማታውኑ ወሎ ወይም ጅማ ያለችው እናት እጅ ላይ ብሩ ይቆጠራል። ቢጠፋ የደላላው ቤተሰብ የት ሰፈር እንደሚኖር ይታወቃል። ባንኩ ቢያጠፋባት ግን ማን ቤት ሄዳ ታለቅሳለች?

ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር ሌላ ነገር አለ። አገር ቤት ያለው ደብተር በማን ስም ነው? ብዙ ጊዜ በወንድም፣ በአባት ወይም በባል ስም ነው። ብር ሲገባ መልእክቱ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ዓመታት ለፍቶ ተመልሶ «ብሬስ?» ማለት፣ ቤቱ አለመሠራቱን፣ ባጃጁ ተሸጦ ማለቁን መስማት በየሰፈሩ የሚታወቅ ታሪክ ነው። ለእናቷ በጥሬው እንዲሰጥላት የምትፈልግ ሴት የምትሸሸው ባንኩን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ወንድሟንም ነው። ይህን ታብሌት ለያዘች ልጅ ማን ይናገራል? ለማታያት፣ ለማታውቃትና ነገ ሰርግ ላይ ለማታገኛት ድምፅ ግን በሌሊት ሊነገር ይችላል።

ይህን የሰማ ባንክ የተሻለ ምንዛሪ እሰጣለሁ የሚል ማስታወቂያ ከማሠራት ሌላ ሥራ ይታየዋል፤ በራሷ ስም የሚከፈት፣ ካለችበት ሆና ቀሪ ሂሳቧን የምታይበት፣ መልእክቱ ወደ እሷ ስልክ የሚሄድ ደብተር።

ታዲያ ስንት ሴት መናገር አለባት? ኃላፊዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሦስት ተመራማሪዎች በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር የተደረጉ ስልሳ ጥልቅ ቃለ መጠይቆችን መልሰው ሲያዩ፣ ከአዳዲሶቹ ሐሳቦች አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ውስጥ ተነስቶ እንዳለቀ አገኙ። ጥያቄው ጠባብና ሰዎቹ ተመሳሳይ ኑሮ ያላቸው ከሆነ ጥቂት ሰው ብዙ ያሳያል ማለት ነው። ይህ «ስንት በመቶ» አይነግርም፤ ምን ዓይነት ነገር እንዳለ ነው የሚነግረው። መቶኛው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ትክክለኛው ሳጥን መጠይቁ ላይ ከተጨመረ በኋላ።

ይህንን ልዩነት ባለመቀበል የሚታወቀው ምሳሌ የኖኪያ ነው። ትሪሻ ዋንግ የተባለች አጥኚ በ2009 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቻይና ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሰዎች ጋር ኖረች፤ መንገድ ላይ ምግብ ሸጠች፣ ኢንተርኔት ቤቶች ውስጥ ከወጣቶች ጋር አደረች። ድሃ የተባለው ሰው ሁሉ ስማርት ስልክ ለመግዛት ካለችው ገቢ ላይ ሊቆርጥ ዝግጁ መሆኑን አየች። ለኖኪያ ስትነግረው መልሱ፣ ያንቺ መቶ ሰው ነው፣ የእኛ መረጃ ሚሊዮን ነው፣ ሚሊዮኑ ደግሞ እንዲህ አይልም የሚል ሆነ። ሚሊዮኑ እንዲህ ያላለው ማንም ስላልጠየቀው ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ኖኪያ የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ለመሸጥ ተስማማ። ውድቀቱ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ መቶውን ሰው ባለመስማቱ ብቻ ወደቀ ማለት ተረት ማድረግ ነው። ግን መቶው ሰው በነፃ ይናገር ነበር።

ዘዴው የማይደርስባቸው ሰዎችም አሉ። ስማርት ስልክ የሌለው፣ *127# እየነካ ብር የሚልክ ገበሬ በእነዚህ ንግግሮች ውስጥ የለም። ማንበብ ለልጁ የሚተው አባት የለም። ካርድ ሞልታ ለአንድ ሰዓት ዳታ የምትገዛ ሴት ረጅም ድምፅ አትልክም። ለእነሱ አሁንም መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። «የደንበኞቻችን ድምፅ» ብሎ የፌስቡክ አስተያየቶችን ለቦርድ የሚያቀርብ ኩባንያ ከደንበኞቹ ውስጥ ጊዜ፣ ዳታና ድፍረት ያላቸውን ብቻ ነው ያቀረበው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን የድምፁ ዕጣ ነው። ያቺ ሴት በሌሊት የተናገረችው ነገር ሕግ ይነካል፤ ብር በደላላ መላኳን አምናለች፣ የአሠሪዋን ቤት ጠቅሳለች፣ የወንድሟን ስም ጠርታለች። ድምፅ ስም ባይኖረውም ባለቤቱን ያስታውቃል። በቴሌግራም ደግሞ አንድ ጣት ከነካው ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ ለምን ዓላማ እንደሚሰበሰብ ተነግሮት፣ ለዚያው ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል። ቢሮዎቻችን ውስጥ ያለው ልማድ ግን ሌላ ነው፤ የደንበኛን አስተያየት ከነስሙና ከነፎቶው ስክሪንሹት አድርጎ ለስብሰባ መሳቂያ ማቅረብ እንደ ነውር አይቆጠርም። በጎ ጠያቂ ድምፁን ጽፋ ታጠፋዋለች፣ ስሙን ትቀይራለች፣ ከተማውን ትተወዋለች፤ ኃላፊው «እስቲ አንዱን አሰሚን» ሲላትም እምቢ ትላለች። እምቢ ለማለት ደግሞ ውሏ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ይሉኝታ እሷንም ያሸንፋታል።

ጥናቱ ሲያልቅ ጠያቂዋ አመስግና ትሰናበታለች። ብዙ ጊዜ ግን አንድ መልእክት ይቀራል። ከባንክ ጋር የሚሠራ ሰው ስታገኝ የመጀመሪያዋ የሆነች ሴት፣ ከሦስት ወር በፊት በባንክ የላከችው ብር ተቆርጦ ሳይደርስ መቅረቱን፣ ጠይቃ መልስ ማጣቷን፣ «እባክሽ እህቴ፣ አንቺ እዚያው ስላለሽ ታዪልኝ?» ብላ ትጠይቃለች። ጠያቂዋ የባንኩ ሠራተኛ አይደለችም፤ ሂሳብ የማየት ሥልጣን የላትም። ያላትን ትሰጣታለች፤ የባንኩን የጥሪ ማዕከል ቁጥር። ቁጥሩ ባለ አራት አሃዝ ነው። ከውጭ አገር አይጠራም።